ስድስት ኡመር፣ ስድስት ተገኘ

ሐሙስ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ከወልድያ ስነሳ የያዝኩት ሁለት እርሳስ፣ አንድ ላጲስ፣ ከቀበሌ ያወጣሁት የይለፍ ወረቀትና አሥራ ስምንት ሥዕል ነበር። ሥዕሎቹ ሃያ አራት መሆን ነበረባቸው። ከቤቴ ያስወጡኝ የቀሩት ስድስቱ ናቸው።

የምሠራው በትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። በመሠረተ ትምህርት ገና ፊደል ለለዩ ገበሬዎች በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ኡመርና ተገኘ የሚባሉ ጎረቤታሞች በመስኖ ውሃ ይጣላሉ፤ በመጨረሻው ገጽ ይታረቃሉ። ማጣላቱ ምንም አልከበደኝ፣ በአራት ቀን ጨረስኩት። ማስታረቁ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን አሰረው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ ሲመክራቸው ብስል፣ ንግግሩን የምጽፍበት ክብ እያደገ ሄዶ ሁለቱን ሰዎች ከነበሬያቸው ዋጣቸው። ሲጨባበጡ ብስላቸው ደግሞ ፎቶ ለመነሳት የቆሙ ሙሽሮች መሰሉ። እስላለሁ፣ አጠፋለሁ፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ራሱ ተበሳ።

ረቡዕ ዕለት አለቃዬ ጠሩኝ።

«ሊቀመንበሩ ያስታርቋቸውና ጨርሰው። ሰኞ ወደ ማባዣው ካልገባ ታሪኩ ይቀራል። አንተም ወደ መፈክርህ ትመለሳለህ» አሉኝ።

መፈክር ማለት ቀይ ጨርቅ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ፊደል መጻፍ ነው። ሁለት ዓመት ጽፌያለሁ፤ እጄ እስኪደነዝዝ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመለስባትም! «መስኖ ወዳለበት ወደ ግራና ወርጄ ውሃ ሰው ሲያጣላ በዓይኔ ልይ» አልኳቸው። «ለሥዕል ደግሞ መንገድ ምን ያደርጋል?» እያሉ ፈረሙልኝ።

መርሳ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለሄደ አንድ ብር ከፍዬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ከጨው ጆንያ ጋር እየተላጋሁ ሲሪንቃን አለፍን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ዘለላውን አንጠልጥሏል፤ ነፋሱም እየሞቀ መጣ። ኬላ ላይ ጠባቂው ቦርሳዬን ከፍቶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«በውሃ የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች ናቸው።»

«እና፣ ታረቁ?»

«ገና ናቸው።»

«ቶሎ በል እንጂ!» ብሎ ሥዕሎቹን መለሰልኝ። አይ የኔ ነገር፣ ኬላ ጠባቂ እንኳ ያቻኩለኝ ጀመር።

መርሳ ገበያ ቀን ነበር። ብርቱካን አራቱን በሃያ አምስት ሳንቲም ገዝቼ ሁለቱን እዚያው ጨረስኳቸው። ሻይ የቀዳችልኝን ሴት በግራና ውሃ የሚዳኝ ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «የውሃ አባቱ አያ እንድሪስ ናቸዋ!» አለችኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሟት። የውሃ አባት ማለት የመስኖ ተራ የሚያከፋፍል፣ ገበሬው ራሱ የመረጠው ሽማግሌ ነው። ቀሪውን ብርቱካን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በእግሬ መንገድ ጀመርኩ።

ግራና፣ ስድስት ሰዓት

አያ እንድሪስን ከዋናው ቦይ አጠገብ፣ ከሾላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጭ ቆብ የደፉ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ብርቱካኑን ሰጠኋቸው፣ የመጣሁበትንም ነገርኳቸው። የጠቡን ገጽ ከጭናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ገጹ ስድስት ሣጥን አለው፤ በየሣጥኑ ኡመርና ተገኘ ይጨቃጨቃሉ። አዩትና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ስድስቱ ወንድማማች ናቸው?»

«የለም አያ፣ አንድ ሰው ነው። ኡመር ነው።»

«አንድ ሰው ስድስት ቦታ ይቆማል?»

«በመጀመሪያ እዚህ ነበር፣ ቀጥሎ እዚህ ሄደ፣ ከዚያ...»

«በምን ሄደ? መንገዱስ የታል?»

በጣቴ ከሣጥን ወደ ሣጥን አሳየኋቸው። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ያላህ! እኔ ሁለት ሰው ለማስታረቅ መከራዬን አያለሁ፣ አንተ አሥራ ሁለቱን አጣልተህ ትመጣለህ! እንዴት ይታረቅልህ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። አፈርኩ፣ ተናደድኩም። እኔ የመጨረሻው ገጽ ጨንቆኝ ስመጣ የመጀመሪያዎቹም አይረቡም ማለት ነው! ሥዕሉን ጠቅልዬ ልነሳ ስል ሁለት ሰዎች እየተጯጯሁ መጡ። ሞላ የሚባለው፣ ተራው ደርሶ ውሃው ማሳው እንዳልገባ ይናገራል። ሰይድ የሚባለው ጎረቤቱ አልነካሁም እያለ ይምላል። ልቤ ዘለለ። ኡመርና ተገኘ በእግራቸው መጡልኝ!

አያ እንድሪስ ማን እንዳጠፋ ይጠይቃሉ ብዬ እርሳሴን ያዝኩ። አልጠየቁም።

«ሞላ፣ ከቦዩ ራስ ጀምር። ሰይድ፣ አንተ ከጅራቱ። ደለሉን እየጠረጋችሁ ኑ። እስክትገናኙ አንድ ቃል እንዳልሰማ» አሏቸው።

ሁለቱም እያጉረመረሙ አካፋቸውን አንስተው ተለያዩ።

«ለምን አልጠየቋቸውም?» አልኳቸው።

«ብጠይቅ ይምሉብኛል። መሐላ ደግሞ ቦይ አይጠርግም። ይልቅ አንተ ተነስና ተከተላቸው፤ ተቀምጠህ ነው እንዴ የምታየው?»

ተነሳሁ። መጀመሪያ ከሞላ ጋር ሄድኩ፤ ጭቃውን የሚዝቀው በንዴት ነው፣ እኔም ላይ ይረጨዋል። ከዚያ በቦዩ ዳር ወደ ታች ሮጬ ሰይድን አየሁት፤ እሱ ቀስ ብሎ፣ በየመሐሉ ቀና እያለ ይሠራል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ስመላለስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መሐል ላይ ተገናኙ። የተገናኙበት ቦታ ላይ ከቦዩ ግድብ ሥር የክንድ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ነበር። ውሃው በዚያ ሾልኮ ወደ ገደሉ ይወርዳል።

ሰይድ በአካፋው አመለከተ። «ይኸው ሌባህ» አለ።

ሞላ ቀዳዳውን አየ፣ ሰይድን አየ። «አላህን፣ ዛሬስ ያልሰደብኩህ ስድብ የለም» አለው። ከዚያ አንዱ ድንጋይ አቀበለ፣ አንዱ ጭቃ መረገ። አልተጨባበጡም። ማንም አልመከራቸውም።

እኔ ጭቃው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከወረቀቱ ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ አንድ ቦይ ሳልኩ፣ ሳይቆረጥ። ከላዩ ላይ ስድስት ሣጥን አሰመርኩበት። ኡመር ከአንዱ ጫፍ፣ ተገኘ ከሌላው እየጠረጉ መጡ። ንግግር የሚጻፍበት ክብ አንድም የለ። ሦስት ሳምንት የታሰረው እጄ እንዲያ ሲሮጥ ሳይ እንባዬ መጣ፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ!

ወልድያ

ያን ዕለት አያ እንድሪስ ቤት አድሬ አርብ ከሰዓት ወልድያ ገባሁ። ቅዳሜን ሙሉ አሥራ ስምንቱን ሥዕሎች እንደገና ሠራኋቸው፤ በሁሉም ውስጥ ያው ውሃ እንዲያልፍ። እሑድ ለአከራዬ ለእትዬ ዘነቡ አሳየኋቸው። እሳቸውም ፊደል የለዩት በዚህ ዓመት ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ገጽ ላይ ስንት ሰው ይታየዎታል?»

«ሁለት ነዋ! ምነው፣ ዓይንህን አመመህ እንዴ?»

ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።

ሰኞ አለቃዬ የመጨረሻውን ገጽ ይዘው ቆዩ። «ሊቀመንበሩስ?» አሉ።

«የሉበትም።»

«እኔ ምን ነበር ያልኩህ?»

ወደኋላ አላልኩም። «እሳቸው ገብተው ካወሩ ሰዎቹ ይቆማሉ። እኔም ሦስት ሳምንት የቆምኩት ለዚያ ነው። ቁጭ ብዬ የሚናገሩትን ስፈልግ ነበር፤ አብሬአቸው መሄድ ነበረብኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸው ገጹ ላይ ነው። ጣታቸው ከቦዩ ራስ ተነስቶ በውሃው ላይ ቀስ እያለ ሄደ፣ ከመሐሉ ቀዳዳ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ከጅራቱ በኩል እንደገና ጀመሩ።

«ወደ ማባዣው ውሰደው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።