ባለ ገመዱ ከበሮ

ባለፈው ሳምንት «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ የምከትፈውን ሽንኩርት ጥዬ ወደ ሳሎን ሮጥኩ፤ ለካ የጎረቤት ልጆች ፊኛ አፈንድተው ነው። የአባዬ ከበሮ በመደርደሪያው ላይ በሰላም ተቀምጦ ነበር። በራሴ ስቄ ወደ ሽንኩርቴ ብመለስም፣ ሐሳቤ ግን ዲላ፣ በልጅነቴ ቤት፣ ያ ድምፅ አባዬን ሊያስለቅሰው ወደነበረበት ቀን ሄዶ ቀረ።

የሠራዊት ነው የሚባል ከበሮ ነበር። አካሉ ናስ፣ ከላይና ከታች የእንጨት ቀለበት ያለው፣ ገመድ ዙሪያውን እየወጣና እየወረደ ቆዳውን የሚወጥርለት፣ ፊቱ ላይ አንበሳ ይሁን ውሻ የማይለይ ምልክት የነበረው። አባዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ የዓለምን ወንዞች በቃሉ ያውቃል፣ አባቱን ግን አያውቀውም። አያቴ ወታደር ሆኖ ወጥቶ ቀርቶ፣ አባዬ ገና ጡት ሳይጥል አንድ መንገደኛ «የባልሽ ነው» ብሎ ከበሮውን ለእናቱ ሰጥቷት ሄደ ይባላል። ፎቶ የለ፣ መቃብር የለ። ሐሜተኛው ጎረቤት ደግሞ «ከገበያ የተገዛ ነው» ይል ስለነበር፣ አባዬ የከበሮውን አመጣጥ ማወቅ አባቱን ማግኘት ሆኖበት፣ ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ ሲጠይቅ ይኖር ነበር። የኢዲዶ መንደር ልጅ የሆነችው እናቴ ከበሮውን «ያባትሽ ሌላዋ ሚስት» ትለው ነበር።

በዝናቡ ወራት ትምህርት ሲዘጋ አባዬ ከበሮውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ይዞር ነበር። አንዴ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድን፤ እሳቸውም አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ የእኛ ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ይኼ ሁለቱም እኩል ነው፤ የእኛ አይደለም» አሉት። አጎቴ የሚዘምርበት የጴንጤዎቹ መዘምራን ደግሞ፣ ሚሲዮኖች ያመጡት ይሆናል ብለው፣ ለመዝሙር ሊያስቀሩት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

አባዬ የተሳሳተው በዚያው ክረምት ነው። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላልቶ፣ ሲመቱት «ዱፍ ዱፍ» ቢልበት ተናደደና፣ የበሰበሰውን ገመድ አውጥቶ ጥሎ፣ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ አዲስ ገመድ አስገብቶ፣ በእግሩ ደግፎ ባለ በሌለ ጉልበቱ ጎተተው። በእኛ አገር ከጎጆው ማገር እስከ ላሟ ድረስ የሚታሰረው በቃጫ ነው፤ አጥብቀህ እሰር እንጂ አላልተህ እሰር ያለን ሰው የለም። በጋ ሲመጣ ቆዳው እንደሚኮማተር ማናችንም አላሰብንም።

ዝናቡ አባርቶ፣ ቡናው ቀልቶ፣ ፀሐይዋ በመስኮት እየገባች ከበሮው ላይ ማረፍ ስትጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ እንዳለን «ጧ!» አለ። አባዬ የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሥቶ፣ የተቀደደውን ቆዳ በሁለት እጁ ሊያጋጥም ሲታገል አየሁት። እማዬ እንኳ የዚያን ቀን አልቀለደችም። «ገደብ ከተማ ድሮ የሠራዊት የሙዚቃ ባንድ ውስጥ የነበሩ ሃምሳ አለቃ አሉ ሲሉ ሰሞኑን ገበያ ሰምቻለሁ፤ ተነሥ፣ ውሰድላቸው» አለችው።

በማግስቱ ከበሮውን ጭናችን ላይ አድርገን፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ሠርግ ነው እንዴ?» እያለን ገደብ ደረስን። ሃምሳ አለቃው ቀዳዳውን ከምንም አልቆጠሩትም፤ «ቆዳ ይገኛል» ብለው፣ ከበሮውን በር ላይ አውጥተው ናሱን በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር።

«የሰልፍ ነው። እኔም እንዲህ ያለውን መትቻለሁ።»

«ከገበያ የተገዛ እንዳይሆን ነው የምፈራው፣ ጋሼ» አላቸው አባዬ።

«ገበያ ቢሄድም ባይሄድም መጀመሪያ የያዘው ሰው አለ። እኛ በቀኝ እጃችን የምንመታው በትከሻችን አንግተን በግራ ጭናችን ላይ ነበር የምናሳርፈው፤ ስንራመድ ጭናችን ናሱን እያሸ ይልጠዋል። አንበሳውን ወደ ፊት አዙረህ እየው፤ ይኼን የላጠው ቀኝ ጭን ነው። አለቆቹ እንዴት እንደፈቀዱለት እንጃ እንጂ፣ ሰውየው ግራኝ ነበር።»

አባዬ በቀኝ እጁ የሚጽፈው በልጅነቱ በአርጩሜ አስለምደውት እንጂ፣ ሚስማር የሚመታው፣ ድንጋይ የሚወረውረው፣ ያንን ገመድ የጎተተው በግራው ነበር። በእናቱ ወገን አንድም ግራኝ ስላልነበረ፣ «ይኼን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» እየተባለ ነው ያደገው። ግራ እጁን ገልብጦ አየው፤ ናሱ የተላጠበት ላይ አሳረፈው፤ ከዚያ እንባው እየወረደ ሳቀ። እኔም ደስታው ተጋብቶብኝ አብሬው ሳቅሁ።

ማታ ቤት ገብተን ስንነግራት፣ እማዬ ከበሮውን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ» አለችው። ሌላዋ ሚስት ማለቷንም ከዚያ ወዲያ ተወች።

ግራኝ ወታደር አንድ ብቻ እንዳልነበረ አባዬም ያውቃል፤ ጎረቤቱም ሐሜቱን አልተወም። አባዬ ግን ከበሮውን አዲስ ቆዳ አልብሶ፣ መጠየቁን አቆመ፤ በበጋም በክረምትም ሰላም ሆነ።

ዛሬ አባዬ አርጅቶ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ያኔ ለአንዲት መልስ ክረምቱን በጭቃ፣ በጋውን በአቧራ እንለፋ ነበር፤ አሁን ልጄ ባለፈው እሑድ ከበሮውን በስልኳ ፎቶ አንሥታ፣ አባዬ መነጽሩን ፈልጎ ሳያገኝ፣ እንዲህ ያለው ከበሮ በየትኛው አገር እንደሚሠራ፣ በምን ቆዳ እንደሚለበጥ፣ የትኞቹ ጦሮች ይዘውት እንደሚሰለፉ አነበበችለት። አባዬ አንዲት ቃል ሳያልፈው አዳመጣት።

«የእኛው ሰውዬ ግራኝ እንደነበረ ይላል?» ሲል ጠየቃት።

ስልኳን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አለችና፣ «አይልም፣ አባባ» አለችው።

«እንግዲያው ገና አልደረሱበትም» አላት።