ከስክሪኑ የወጣው ቁልፍ

አራዳ፣ አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚውል ባለ ነጭ ኮፍያ ሰው አለ። የሞባይል አፕ ይሠራል። የሠራውን ሁሉ መስታወቷ በተሰነጠቀ ትንሽ ስልክ ይከፍትና ፊደሉን እስከ መጨረሻው አሳድጎ፣ ቁልፎቹ ከስክሪኑ አለመውጣታቸውን ያያል።

«ምነው በዚህች አሮጌ ስልክ?» አልኩት አንድ ቀን።

«የእናቴ ናት» አለ ቀና ሳይል። «ሳንጃ ከተማ ሆና ድምጿን ቀድታ እንድትልክልኝ አፕ ሠራሁላት። የሁሉን መጠን በራሴ ትልቅ ስልክ ለካሁት። ዓይኗ ሲደክም ፊደሉን አሳደገች፤ መላኪያው ቁልፍ ወደ ታች ተገፍቶ ጠፋ። ድምጿ ሲቀር እኔም ደህና ናት ብዬ ተውኩት።»

«አልነገረችህም?»

«ለጎረቤት ‹ልጄ ሥራ በዝቶበት መላኪያውን ዘግቶብኝ ነው፤ አታስቸግሩት› ትል ነበር አሉ። የሰማሁት ለቅሶዋ ላይ ነው።»