ለአሥራ አምስት ደቂቃ የተፈታ ግዝት

የቴአትር መምህርት ለመሆን የቀረኝ አንድ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ደባርቅ ካለ አንድ ኢንተርኔት ቤት እየተመላለስሁ፣ መብራት ሲሄድ እየተራገምሁ፣ ሲመጣ እየመረቅሁ፣ ባሕር ማዶ ያለ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ማስተርስ ላጠናቅቅ ጫፍ ደርሼ ነበር። የመጨረሻው ፈተና እንዲህ ይላል፦ ተማሪዎችሽ ቴአትር አይቶ በማያውቅ ሕዝብ ፊት ይጫወቱ፤ ጨዋታውም ከአሥራ አምስት ደቂቃ ሳያንስ፣ ሳይቋረጥ ተቀርጾ ይላክ። «ሳይቋረጥ» የምትለዋ ከሥሯ ተሰምሮባታል። አነበብሁና ሳቅሁ። ምን ችግር አለው አልሁ፣ ሞኝ!

ወረቀቱን የፈለግሁት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደባርቅ ላይ የአማርኛ አስተማሪ ነበርሁ፤ የቴአትሩን ክፍለ ጊዜ ግን ርእሰ መምህሩ «ምስክር ወረቀት ላለው ብቻ» ብለው ለማንም ሳይሰጡ ይዘውት ነበር። ሁለተኛው፣ እውነቱን ልናገር፣ አባቴ ናቸው። አባቴ ዳባት ላይ ቄስም የዜማ መምህርም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረዋል። የእኔን ሥራ ግን ሥራ ብለውት አያውቁም። እንግዳ መጥቶ «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው «ደባርቅ ላይ ልጆች ታስጨፍራለች» ይላሉ። መምህርት የሚለው ቃል ለእኔ ተብሎ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

ቴአትሩን የጻፍሁት ስለ ድንበር ነው። ሁለት አበልጆች በአንዲት የድንበር ድንጋይ ይጣላሉ፤ ነገሩ እየከረረ ይሄድና በመጨረሻ አንዱ ሌላውን በዱላ ይጥለዋል። ከትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች መረጥሁ፤ አንዱ ረጅም ቀጭን፣ አባቱ ጨነቅ ላይ የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት የሆነ፤ ሌላው አጭር የደባርቅ ነጋዴ ልጅ። በገበያ ቀን ዳባት ወሰድኋቸው። ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ስልኬን ዴስክ ላይ ደግፌ አቆምሁ። ገበያተኛው ግቢውን ሞላው።

በስድስተኛው ደቂቃ ረጅሙ ልጅ ዱላውን ገና ለማስፈራራት ሲያነሣ፣ አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሀል ብድግ አሉና «በሕግ አምላክ!» አሉ። እኛ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ ሰው የሰነዘረውን እጅ ይሰበስባል። ልጆቹም ቀጥ አሉ፤ ጨዋ ተደርገው ያደጉ ናቸዋ!

«አባቴ፣ ቴአትር ነው እኮ!» እያልሁ ተንደረደርሁ።

«ዱላውም ቴአትር ነው?»

«ዱላው የምር ነው፤ ጠቡ ነው የውሸት።»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋዩም የምር ነው።»

«ታዲያ ምኑ ቀረ?» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። ለእኔ ቴአትር አንድ ጊዜ እንኳ ያላጨበጨበ ሕዝብ!

ሦስት ሽማግሎች ተቀመጡ። ልጆቹን ግራና ቀኝ አቁመው ጠየቋቸው፤ ልጆቹም፣ እኔን ይብላኝ፣ የሚሉት ቢጠፋቸው ካጠኑት ቃለ ተውኔት መመለስ ጀመሩ። «መሬቱ ከአያቴ የወረደ ነው» ሲል አጭሩ ልጅ፣ አንደኛው ሽማግሌ «ልክ ነው፣ አያቱን አውቃቸዋለሁ» ብለው መሰከሩ። ማንን ነው የሚያውቁት? እኔ እኮ ነኝ የፈጠርኋቸው! ድንበሩ በእርምጃ ተለካ። ድንጋዩ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ተደርጎ ኳስ ሜዳው መሀል ተተከለ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ለሁለቱም ዋስ ሆኑ። ዕርቁ እንዲጸና ደግሞ ቄስ ይጠራ ተባለ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አባቴ።

«አባባ፣ የእኔ ቴአትር ነው» ብዬ ጋቢያቸውን ያዝሁ።

«ሰው ሲታረቅ ዝም ይባላል» አሉና መስቀላቸውን አወጡ። «ከእንግዲህ በዚህ ድንጋይም ሆነ በሌላ ነገር ብትጣሉ ገዝቻለሁ!»

ልጆቹ መስቀሉን ተሳለሙ። ተቃቀፉ። አለቀሱም። ይህን የመሰለ ትወና በልምምድ ጊዜ አንድ ቀን አሳይተውኝ አያውቁም። ስልኬ ውስጥ የቀረው ስድስት ደቂቃ ጠብና አንድ ሰዓት ዕርቅ ነው።

ደባርቅ ተመልሰን ለልምምድ ስጠራቸው እምቢ አሉ። «ቲቸር፣ ተገዝተናል እኮ!»

«በድንጋዩ ነው የተገዘታችሁት፤ በበሬ እናድርገዋ!»

«በሌላም ብለዋል፣ ቲቸር።»

ሌሎች ልጆች ልተካ ብል የቴአትር ክበቡ በሙሉ ግዝቱ ይዞርብናል ብሎ ሸሸኝ። ቪዲዮው የሚላክበት ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። ካለፈ የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። ግዝቱን ደግሞ የገዘቱት አባቴ ካልፈቱት ማንም ደፍሮ አይነካውም። ጉድ ፈላ! እየተነጫነጭሁ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ሄድሁ።

አባቴን ከደጅ ከተማሪዎቻቸው ጋር አገኘኋቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ «ማን ዘንድ ነው የምታስመሰክሪው?» አሉኝ። በእሳቸው ዘንድ መምህር የሚኮነው ዓመታት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ሊቃውንት ፊት ቆሞ ነው።

«ባሕር ማዶ ካለች መምህርት ዘንድ።»

«አይተሻታል?»

«በኮምፒውተር። እስከ ደረቷ ድረስ።»

«የቀረውስ?»

«አይታይም፣ አባባ።»

«ግማሽ መምህር!» አሉ። ተማሪዎቻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ደሜ ፈላ። «አዎ፣ ግማሽ ናት! ግን ያቺ ግማሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ ሰምታኛለች። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ምን ታስተምሪያለሽ ብለውኝ ያውቃሉ?» ብዬ ጮኽሁ። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ደነገጥሁ፤ እሳቸውም ደነገጡ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡት። በመጨረሻ አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «ስንት ደቂቃ ነው የሚበቃሽ?» አሉኝ።

«አሥራ አምስት።»

«ለአሥራ አምስት ደቂቃ ፈትቻቸዋለሁ። በአሥራ ስድስተኛው ግዝቱ ይመለሳል። ሰዓት ይዤ ከፊት እቀመጣለሁ፤ እጄን ካነሣሁ ያቁሙ።»

በደቂቃ የሚፈታ ግዝት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲው ከአሥራ አምስት አይነስ ይላል፤ አባቴ ከአሥራ አምስት አይለፍ ይላሉ። ቢሆንም እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ግቢ ተሰበሰብን። የተተከለውን ድንጋይ የሚነቅል ስለጠፋ ቴአትሩ ወደ ድንጋዩ ሄደ። አባቴ ከፊት ተቀመጡ፤ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ከጎናቸው በሕግ አምላክ ያሉት ሽማግሌ ተቀመጡ። ልጆቹ መጀመሪያ ግዝቱ እንዳይደርስባቸው ንግግሩን ያንበለብሉት ጀመር። ቀስ በሉ ብዬ በእጄ ምልክት ባሳያቸው ደግሞ ቃል በቃል ይጎትቱት ገቡ። ስልኬ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲል ዱላው ገና መሬት ላይ ነው። አሁን እጃቸውን አነሡ፣ አለቀልኝ አልሁና ወደ አባቴ ዞርሁ።

አባቴ ሰዓቱን አያዩም። አንገታቸውን አስግገው፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ልጆቹን ያያሉ። አሥራ ስድስት አለፈ። ረጅሙ ልጅ ዱላውን አነሣ። ያኔ ሽማግሌው ብድግ ብለው «በሕግ አ...» ሲሉ አባቴ በጋቢያቸው ጎትተው አስቀመጧቸው።

«ተቀመጥ! መምህርቷ እያስተማረች ነው!»

ዱላው ወረደ፤ አጭሩ ልጅ ወደቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ። ሲያልቅ አባቴ ሰዓታቸውን እያሰሩ፣ «ቆሞብኝ ነው» አሉኝ። አልቆመም ነበር። ልጆቹን ጠርተው መስቀል አሳለሟቸውና ግዝታቸውን መለሱላቸው።

ወረቀቱ ኋላ መጥቷል፤ ርእሰ መምህሩም ክፍለ ጊዜውን ሰጡኝ። ድንጋዩ አሁንም ኳስ ሜዳው መሀል ነው፤ ተጫዋቾቹ እየዞሩት ያልፋሉ። ከወረቀቱ በፊት ግን ከግማሽዋ መምህሬ አንድ ጥያቄ መጥቶልኝ ነበር። ቪዲዮው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወደ መጨረሻው ከተመልካች አንድ ሰው ይናገራል፤ ይህ መቋረጥ ነው? ሰውየው ማን ናቸው? ምንስ አሉ? ተርጉመሽ ላኪ ይላል።

ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ፣ «መቋረጥ አይደለም። የተናገሩት ዳባት ላይ የዜማ መምህር ናቸው» አልሁና፣ ያሏትን ቃል ከሥሩ ተረጎምሁ። ከመላኬ በፊት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ያቺን ቦታ መልሼ ሰማኋት። ደግሜ ሰማኋት። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት መጥቶ ሰዓትሽ አልቋል እስኪለኝ ድረስ እዚያችው ላይ ነበርሁ።