በፀሐይ የማይታይ እሳት

ባለፈው ሳምንት ለተራራ ጉዞ ምግብ የሚያበስሉ ወጣቶች ሳሠለጥን፣ አንዷ ልጅ በአልኮል የምትነደውን ትንሽ ምድጃ ልትሞላ ጠርሙሱን ስታነሣ ሳላስበው ጮኽኩባት። ምድጃዋ ገና አልተለኮሰችም ነበር። ልጅቷ ደነገጠች፣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጡም መተኛቱም እንቢ አለኝ።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እንግዶች ይዘን ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ስንወጣ፣ በወጥ ሠሪነት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። የጉዞው መሪ «ሙያህን ካየሁ በኋላ ስለ ሥራው እንነጋገራለን» ብሎኝ ስለነበር ልቤ ተሰቅሏል። ተራራው ላይ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ እንጨት አይነድም። ያለን ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮልና እፍኝ የማትሞላ የቆርቆሮ ምድጃ ብቻ ነበር። ደግነቷ ጭስ የላትም፤ ክፋቷ ፀሐይ ላይ ነበልባሏ አይታይም። ይህን ነግረውኛል። መስማት ሌላ፣ ልብ ማለት ሌላ።

ዕለቱ ዓርብ ነው። የጥቅምት ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ነፋሱ ደግሞ ጆሮ ይቆርጣል። መሪው እንግዶቹን ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል ሊያሳይ ራቅ አድርጎ ወስዷቸው፣ እኔ የምስር ሾርባ ጥጃለሁ። ዕቃችንን በበቅሎ የጫኑልን አያ ሙላት የሚባሉ የገነተ ማርያም ገበሬ ነበሩ። ጾመኛ ናቸውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ቢሆንም አጠገቤ ቁጢጥ ብለው በጋቢያቸው ነፋሱን ይከልሉልኝ ነበር።

ደጋ ላይ ምስር ቶሎ አይበስልም። ክዳኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ።

«ኧረ ተው ልጄ፣ በከፈትከው ቁጥር እኮ እያቀዘቀዝከው ነው» አሉኝ አያ ሙላት።

«እሳቱ ጠፍቷል መሰለኝ» አልኩና ጠርሙሱን አነሣሁ።

«አልጠፋም፤ ፊቴን ይሞቀኛል። እጅህን አስጠጋና እየው።»

«አያ፣ አንቱ በቅሎዎን ይወቁ። ይህ የኔ ሥራ ነው።»

ጨመርኩበት። እሳቱ አልኮሉን ተከትሎ ወደ እጄ መጣ፣ ደንግጬ ጠርሙሱን ወረወርኩት። ያረፈው አያ ሙላት ጋቢ ላይ ነው። ነበልባሉ ስለማይታይ የቱ ጋ እንደሚነድ እንኳ አላወቁም፤ በቀኝ እጃቸው እየደባበሱ አጠፉት።

መሪው እየሮጠ መጣ። «ምን ሆናችሁ?»

«አያ ጠርሙሱን ገፍተውት ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ፤ ግን አልመለስኩትም። ሥራው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አያ ሙላት ወደ እኔ ዞሩ። «ዓርብ ነው፤ በጾም አፌ ነገር አላነሣም» አሉና የተላላጠ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነከሩ።

በሚቀጥለው ጉዞ እኔ ተጠራሁ፣ እሳቸው አልተጠሩም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ሌላ ሰው አስለቀምኩ። ከዚያ በኋላ ለንግሥ ስሄድ በሩቅ ካየኋቸው መንገድ እቀይር ነበር።

ትናንት ግን አላስቀምጥ ሲለኝ ተነሥቼ ገነተ ማርያም ሄድኩ። አያ ሙላት አርጅተዋል። ባለቤታቸው ጠላ ቀዱልን፤ እሳቸው በግራ እጃቸው ተቀበሉ። የቀኙ ጣቶች አይታጠፉም። እርፍ መጨበጥ አቅቷቸው እርሻውን በጊዜ ለልጃቸው እንደተዉ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ባለቤታቸው እጁን ሳይ አይተውኝ ሳቁ። «እሱ እኮ እጁ አያርፍም፤ የሰው ዕቃ ሲነካካ ነው ይህን ያተረፈ።»

«አይደለም እናቴ» አልኩ። «እሳቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ተው እያሉኝ ነው የጨመርኩት። ከዚያም በሳቸው አላከክሁ።»

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። ያዩት እኔን ሳይሆን ባላቸውን ነው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስሰድብህ ዝም አልክ?»

«ልጅ ነበር፤ እንጀራው ነው ብዬ» አሉ አያ ሙላት።

ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እሳቸውም ይቅር አሉኝ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ አልቀለለኝም። ስሄድ የበደልኩት አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስወጣ ባለቤታቸው ያን እጅ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የማይታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ እያሹ ያለቅሱ ነበር።