እናት በሆዷ ስትቆጥር

ታናሽ እህቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቆማ ትውላለች፤ ማሽኑ የነከሰውን ወረቀት ስትጎትት፣ ቀለም ስትሞላ፣ የደንበኛ ጭቅጭቅ ስትሰማ። ደብዝዞ ወይም ተጨማዶ የወጣውን ወረቀት የሱቁ ባለቤት «ውሰጂው» ይላታል፤ ልጇ በጀርባው ትስልበታለች። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ አስተማሪ ስለ ሕፃናት አእምሮ የተጻፈ ጥራዝ እንድታባዛለት ሰጣት። የተበላሹትን ሰባት ገጾች ይዛ ገባች፤ ልጅቷ ሳትስልባቸው እሷ አነበበቻቸው። ሲጮኽበት የሚውል ልጅ አእምሮው አደጋ ሲጠብቅ ይኖራል፣ ማሰቢያው ይዘጋበታል፣ መሠረቱ የሚጣለው በልጅነት ነው ይላል። ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው። እህቴ ደግሞ፣ ለምን ይዋሻል፣ ጯኺ ናት። ከየት አመጣችው እንዳትሉኝ፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ የኔን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«ስድስት ዓመት ሙሉ የልጄን ጭንቅላት ሳበላሽ ኖሬያለሁ» አለችኝ።

«እኔስ ያንቺን አበላሸሁት?»

ወረቀቶቹን ዘረጋችልኝ።

ተቀብዬ አየኋቸው። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ «ወላጅ ከተቆጣ በኋላ ግን» ይልና ያልቃል።

«ቀጣዩስ ምን ይላል?»

«እሱ ጥርት ብሎ ስለወጣ አስተማሪው ወሰደው።»

«ሄደሽ ጠይቂዋ!»

«ምን ብዬ? ‹የሰጠኸኝን እቤቴ ወስጄ አነበብኩት› ልበለው? የደንበኛ ጽሑፍ ማንበቤን ባለቤቱ ቢሰማ ያባርረኛል።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭጭ አለ። ልጅቷ ስታጠፋ እህቴ ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሆዷ እስከ አሥር ትቆጥራለች። ከዚያ ትንበረከክና እንደ ዜና አንባቢ «ምን ተሰማሽ?» ትላታለች። ልጅቷ ምን ይሰማታል፣ ትደነግጣለች እንጂ። እህቴ ከሳች፣ እንቅልፍም እንቢ አላት። «ብጮህ እሷን አጠፋኋት፣ ባልጮህ እኔ ልፈነዳ ነው» ትለኛለች። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ ስትሮጥ ጆጉን ገፋችውና ውሃው የእናቷ ስልክ ላይ ተገለበጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታያታለች። ስድስት ሰባት ሳትደርስ አትቀርም፣ ልጅቷ መጥታ እጅጌዋን ያዘቻት።

«እማዬ፣ አትቁጠሪ። ስትቆጥሪ ሆዴን ያመኛል። እንደ ድሮው ጩኺብኝና ከዚያ እቀፊኝ።»

እህቴ ዓይኗን ገለጠች። እጆቿን ዘረጋ አድርጋ መልሳ ሰበሰበቻቸው። ማቀፍም ይጉዳ አይጉዳ ማን ነግሯት? ቀጣዩ ገጽ እንደሆነ አስተማሪው ጋ ነው። እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ የማውቀው መጮኽ ብቻ ነው። ልጅቷ እጅጌዋን አልለቀቀችም፤ ቀና ብላ ትጠብቃታለች።