ለኮድ የተሸጠው የፋሲካ ሙክት

ዙፋን ገደፋው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ፕሌስቴሽን ቤት ስትከፍት፣ ሰፈሩ ሁሉ የወንድሟ ቤት ነው ብሎ አመነ። "ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሏታል ደንበኞቿ። ወንድም የላትም። የሽንዲው ገበሬ የአቶ ገደፋው አንድያ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነጥቡ አልመጣላት ሲል ከተማው ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒና ሲዲ ቤት ተቀጥራ ስድስት ዓመት ሠራች። ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቱ በመሰናበቻ መልክ አንዲት ያረጀች ፕሌስቴሽን ከነቴሌቪዥኗ ሰጣት። ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ ይገላገላት ነበር። ዙፋን ግን ያቺኑ ማሽን ይዛ አንድ ክፍል ተከራየች፤ በአራት ዓመት ውስጥ ማሽኖቹ አራት ሆኑ።

መጫወት የጀመረችው ደንበኛ በሚጠፋበት ሰዓት፣ እንዲያው እጇን ለማፍታታት ነበር። ውሎ አድሮ ግን የእግር ኳሱ ጨዋታ ከእጇ ገባ። በሁለተኛው ዓመት ከተማው ውስጥ የሚያሸንፋት ጠፋ። ከቡሬና ከዳንግላ ሳይቀር "እስኪ እሷን አሳዩኝ" እያለ የሚመጣ ጎረምሳ ነበር፤ ሁሉም ጆይስቲኩን አስቀምጦ "ዛሬ እጄን አሞኝ ነው" እያለ ይወጣል። ከማንም ይበልጥ የተሸነፈው ደንበኛዋ የባጃጅ ሹፌሩ መልካሙ ነው። እሱም "እዚህ አገር እጁን ያመመው ሰው ሁሉ ሐኪም ቤቱን ትቶ ዙፊ ዘንድ ነው የሚመጣው" ይል ነበር።

እሷን ግን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር፦ ከእነዚህ ከምታውቃቸው ልጆች ወጣ ብላ ብትለካ ምን ያህል ትሆናለች? ጨዋታው በኢንተርኔት ከሌላ አገር ሰው ጋር ያገናኛል። ጎረቤቷ እንቁ ኢንተርኔት ቤት ስላላት፣ በግድግዳው ቀዳዳ ገመድ አሳልፋ መስመሯን ልታካፍላት ፈቃደኛ ነበረች። ችግሩ ሲዲው ነው። የዙፋን ሲዲዎች ሁሉ ያገለገሉ ናቸው፤ ባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ የሚነግደው ይሄይስ ነው የሚልክላት። አዲስ ሲዲ በማሸጊያው ውስጥ አሥራ ሁለት ፊደል ያለው ኮድ አለው፤ መጀመሪያ የገዛው ሰው አንድ ጊዜ ካስገባው በኋላ ኮዱ ለሌላ ሰው አይሠራም። ሲዲው ሁለተኛ እጅ ላይ ሲደርስ ቤት ውስጥ ማጫወቱን ያጫውታል፤ ወደ ኢንተርኔቱ ልግባ ሲሉት ግን "አዲስ ኮድ ግዛ" ብሎ በሩን ይዘጋል። የሚገዛው ደግሞ በውጭ አገር የባንክ ካርድ ነው። ዙፋን እንዲህ ያለውን ካርድ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

"ይሄ ምን ዓይነት ግፍ ነው?" ይላል መልካሙ ያ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር። "ከገበያ በሬ የገዛ ሰው፣ ሊጠምደው ሲል ለአሳዳጊው እንደገና ይከፍላል እንዴ?"

"ዓለም ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚጮኸው" ይላል የእንግሊዝኛ መምህሩ ደስታው፤ ጠዋት ጠዋት ክፍል ስለሌለው ከዙፋን ቤት አይጠፋም። "ግን ማን ሰምቶ!"

እንዲህ እየተባለ የሁዳዴ ጾም ተጋመሰ፤ ወደ ማለቁም ተቃረበ። አቶ ገደፋው በየዓመቱ ለፋሲካ ለልጃቸው ሙክት ይልካሉ፤ በዓል የሥራዋ ወቅት ስለሆነ አገር ቤት አትመጣም፣ እሳቸውም "ልጄ ጾም በሰው ቤት አትፈታም" ባይ ናቸው። የዚያን ዓመቱ ሙክት ግንባሩ ቦቃ፣ ግራ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ፣ ላቱ መሬት የሚጠርግ ነበር። ቡሬ ድረስ ራሳቸው ነድተው አይሱዙ ላይ አስጫኑላት።

ዙፋን ሙክቱን ሁለት ቀን በር ላይ አስራ አየችው። በሦስተኛው ቀን፣ በቀዳም ሥዑር፣ ገበያ አወጣችው። አንድ አደላቢ ነጋዴ ሳይከራከር ገዛው። በዚያው ሰዓት ለይሄይስ ደወለች፤ ዱባይ ያለ ወንድሙ በካርዱ ሁለት ኮድ እንዲገዛላት፣ የወንድሙንም ድካም እንድትከፍል ተስማሙ። የተረፈው ለእንቁ መስመር ሆነ። ፋሲካን እንቁ ቤት ዶሮ በልታ ዋለች። ከሰዓት በኋላ አባቷ ደወሉ።

"እንኳን አደረሰሽ ልጄ። ሙክቱስ እንዴት ነበር?"

"እንኳን አብሮ አደረሰን አባዬ። ጮማው... ጣት ያስቆረጥማል" አለች። አባቷን ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ ስልኩን ስትዘጋ ጉንጯ ይቃጠል ነበር።

ኮዱ በማግስቱ በመልእክት መጣላት። አሥራ ሁለቱን ፊደል አንድ በአንድ ስታስገባ ቤቱ ሙሉ ሰው ከኋላዋ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ፖላንዳዊ ነበር፤ አምስት ለባዶ ቀጣት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። በሳምንቱ መጨረሻ ግን አንድ ቱርካዊ ሁለት ለአንድ አሸነፈች። መልካሙ ባጃጁን በር ላይ እንዳቆመ ጡሩምባ እየነፋ ሰፈሩን አሳበደው። ዙፋን በዚያች ቀን ስለ ሙክቱ አንድ ጊዜም አላሰበችም።

ከፋሲካ በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ መምህር ደስታው ከእንቁ ቤት ወጥቶ በሯ ላይ ቆመ። ፊቱ የመርዶ ነጋሪ ፊት ነበር።

"ማን ሞተ?" አለች ዙፋን፣ ጆይስቲኩን ከእጇ ሳትለቅ።

"ማንም አልሞተም። ክፍያው ቀረ።"

"የምኑ ክፍያ?"

"የኮዱ ነዋ! ያገለገለ ሲዲ የያዘ ሁሉ ከእንግዲህ ኦንላይን በነፃ ይጫወታል። ጨዋታውን የሚያወጣው ኩባንያ ራሱ ነው ያወጀው። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ እንግሊዝኛ የማላውቅ መሰለኝ።"

መልካሙ ሳቀ። "ተው እንጂ መምህር! ገንዘብ የለመደ እጅ በገዛ ፈቃዱ ተመለሰ ትለኛለህ?"

"እንግዲያውስ እንየዋ" አለ ደስታው። ኮድ የተገዛላቸው ሁለት ማሽኖች ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው ማሽን ላይ ከሁሉም ያረጀውን፣ ፊቱ የተጫጫረውን ሲዲ ከተቱና ገመዱን ሰኩ። ያ "አዲስ ኮድ ግዛ" የሚለው ጽሑፍ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ማሽኑ ምንም አልጠየቀም። ጥቂት አሰበና በቀጥታ ገባ፤ ከየአገሩ ተጋጣሚ የሚጠብቁ ሰዎች ስም ተዘረዘረ።

መልካሙ አማተበ። ከዚያ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። አንዱ ዘለለ፣ አንዱ ጓደኛውን አነሣው፣ እንቁ ምን ተፈጠረ ብላ እየሮጠች መጣች። ደስታው ብቻ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ። "የውጭዎቹም እንደኛው ደንግጠዋል። አንዱ 'ሕልም ነው' ብሎ ጽፏል፤ አንዱ 'በሚቀጥለው ማሽን ከዚህ የባሰ አዘጋጅተውልን ነው' ይላል። አንዱ ደግሞ..." ብሎ ቆመ።

"አንዱ ደግሞ ምን?" አለች ዙፋን።

"'ትናንት ነው የከፈልኩት፤ የእኔን ማን ይመልሳል?' ይላል።"

ዙፋን አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ቤቱ ሙሉ ሰው ይጨፍራል፣ እሷ ግን የሚታያት በገመድ ታስሮ ሽቅብ የሚያያት ቦቃ ሙክት ነበር። አሥር ቀን! አሥር ቀን ብትታገሥ ኖሮ! ስልኳን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣችና ለይሄይስ ደወለች።

"ይሄይስ፣ ያንን ኮድ መመለስ ይቻላል?"

"እኔም ገና አሁን ሰምቼ ደንግጫለሁ ዙፊ" አለ። "ግን የተበላ ነገር እንዴት ይመለሳል?"

"ምን አልክ? ማን በላ?" ብላ ጮኸችበት። ስለ ሙክቱ ያወቀባት መስሏት ነበር። እሱ ስለ ኮዱ መናገሩ እንደሆነ የገባት ቆይታ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ገና ቤቱ ሞልቶ ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስትል አቶ ገደፋው ናቸው፤ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ ዱላቸውን እንደያዙ። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ በሯን ረግጠው አያውቁም፤ ይህንን ቤት "ቁማር ቤት" ነበር የሚሉት። ዙፋን ዘላ ተነሣች፤ ጉልበታቸውን ስማ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው።

"ምነው አባዬ በደኅና ነው? ሳይደውሉ?"

"በርበሬ ልሸጥ ቡሬ መጥቼ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ከገበያው መሐል አንድ ጉድ አየሁና በርበሬውን ወደ ቤት መለስኩት፤ ልነግርሽ በቀጥታ መኪና ተሳፈርኩ። ልጄ፣ ክርስቶስ መነሣቱን ቄሱ ነግረውኛል፣ አምናለሁም። የእኔ ሙክት መነሣቱን ግን ማንም አልነገረኝም!"

ነጋዴው ለበዓል ገበያ ሌላ ከተማ ሊያደርሰው አስቦ መኪና አምልጦት፣ ሙክቱን ቡሬ ወስዶ ሲያደልበው መክረሙን ዙፋን በምን ታውቃለች?

"ቦቃው ነው ብዬ ቀረብኩ" ቀጠሉ አባቷ። "ጆሮውን አየሁ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስጠራው ዞረ። ጣት ያስቆረጥማል ያልሽኝ ጮማ በአራት እግሩ ቆሞ ያየኛል። እኔ እንደ ቶማስ ጎኑን ዳበስኩ።"

ከወጣቶቹ አንዱ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል መልካሙ በክርኑ ጎሸመው። ዙፋን ዕንባዋ መጣ፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሲዲውን፣ ኮዱን፣ የተዘጋውን በር፣ ፖላንዳዊውን፣ ቱርካዊውን።

"እንግዲህ ሙክት ሰጥተሽ አሥራ ሁለት ፊደል ገዛሽ" አሉ አቶ ገደፋው ስትጨርስ። "የቆሎ ተማሪ እንኳ ፊደሉን የሚያገኘው ለምኖ ነው። ደግ። ፊደሉን አሳዪኝ።"

"አባዬ... አሁን ለሁሉም ነፃ ሆነ። ረቡዕ ዕለት ክፍያውን አስቀሩት።"

ሽማግሌው የደነገጡት ይህን ጊዜ ነው። ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ፊት አጎነበሱ። "አስቀሩት? ማን አዘዛቸው?"

"ማንም አላዘዛቸውም፣ ጋሼ" አለ መምህር ደስታው በአክብሮት። "ተጫዋቹ በየአገሩ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ አንገዛም አለ። መቼም ከጩኸቱ በቀር ምክንያት አይታየኝም።"

"ከፋይ ጮኾ ተቀባይ ተወ?" አቶ ገደፋው ዙሪያቸውን አዩ፤ የሚያፌዙባቸው መስሏቸው ነበር። "እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የተጫነ ሲጨመር እንጂ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ልጄ ሙክት መሸጧን አምኛለሁ፤ ይሄንን ግን አላምንም።" ከዚያ ወደ ዙፋን ዞሩ። "የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል። አንቺ ቸኩለሽ ቀንድ ነከስሽ። ጥርስሽን ስላመመሽ እኔ ደግሜ አልመታሽም። የዋሸሽኝን ግን ንስሐ አባትሽ ይጠይቁሽ፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። አሁን ሙክቴን የበላውን ነገር አጫውቺኝ።"

ጆይስቲኩን አንሥታ ተቀመጠች። የደረሳት ተጋጣሚ ብራዚላዊ ነበር። አባቷ መጀመሪያ ሥዕል መስሏቸው ነበር፤ ያ የሚሮጠውን የሚያንቀሳቅሰው በሕይወት ያለ፣ አሁን በዚህች ደቂቃ በአገሩ የተቀመጠ ሰው መሆኑን ደስታው ሲነግራቸው ከአግዳሚው ተነሡ።

"አሁን? አሁን ከባሕር ማዶ ያያታል?"

"እሷን አያያትም ጋሼ። ግን ስሟን ያያል፤ 'ዙፋን' ብሎ።"

"የሽንዲን ልጅ ስም!" አሉና ጨዋታው እስኪያልቅ እንደቆሙ ቀሩ። ዙፋን አልሆነላትም፤ በፍርሃት ኳሷን ሁሉ አባከነች። ብራዚላዊው ሁለት አገባባት። ስትጨርስ አንገቷን ደፋች። አቶ ገደፋው ራሷን ዳሰስ አድርገው፣ መኪና ሳያመልጠኝ ብለው ወጡ። መልካሙ በባጃጁ መናኸሪያ አደረሳቸው፤ ሒሳብ ሲሰጡት አልቀበልም አለ።

በቀጣዩ ሳምንት የአባቷ እህት እህተ ማርያም ከሽንዲ ደወሉላት። አክስቷ ስልክ ይዘው በዝግታ ማውራት አያውቁበትም።

"ዙፋን! አንቺ ልጅ! ስንት ለስንት ነው ያሸነፍሽው?"

"ማንን እትዬ?"

"ያንን ብራዚል ነው ምን የሚሉትን አገር ሰው ነዋ! አባትሽ በማርያም ማኅበር ቆሞ ሲያወራ እኮ ቄሱ ጠላቸውን ረስተው ነው ያዳመጡት። ሦስት ለባዶ ይላል። እውነት ነው?"

አባቷ፣ ሚዛን ላይ እፍኝ በርበሬ የማያሳስቱት ሰውዬ! ቤቱ ውስጥ በአራቱም ማሽኖች ይጫወታሉ፤ መልካሙ "ዙፊ ተራሽ ደረሰ!" እያለ ይጣራል።

"አዎ እትዬ" አለች ዙፋን። "ሦስት ለባዶ ነው።"