«እዚህ ሥራ አለብኝ»

ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ የጉልበት ቅባት ሲሸተኝ አክስቴ አልማዝ ትዝ አለችኝ። ለዓመታት በክለብ ቅርጫት ኳስ ተጫውታ፣ ጉልበቷ ሲጎዳ እስራኤል ውስጥ ወዳለው ሰፈራችን ክርያት ሞሼ መጥታ እኛን ሴቶች ልጆችን ታሠለጥን ጀመር።

አንድ ቀን ሜዳው ዳር ጉልበቷን በቅባት እያሸች ሳለ ከድሮ ክለቧ ተደወለላት።

«ተሽሎኛል፤ ግን አልመለስም። እዚህ ሥራ አለብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች።

ደነገጥኩ። «አክስቴ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ የኔ ቆንጆ። ያላ፣ በይ ቶሎ ወደ ጨዋታሽ!»

የምን ሥራ እንደሆነ አልገባኝም፤ እኛ እየተጫወትን ነበርና። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ ስከታት ግን ከሁላችን በላይ የጮኸችው እሷ ነበረች።

እስካሁንም እንግዳ መጥቶ ስለ ተጫዋችነት ዘመኗ ሲጠይቃት፣ የምታወራው የእኛን ጨዋታ ነው።